አፈሩ የማን ነው?

በአንድ ደጋ አገር፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጉም ጋራውን እንደ ጋቢ አከናንቦ በሚያውልበት ተዳፋት ላይ፣ ሁለት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። አባታቸው ሲሞት የተወላቸው አንድ ጥማድ በሬና ከጋራው ወገብ ተነስቶ እስከ ወንዙ አፋፍ የሚወርድ አንድ ረጅም ማሳ ነው። ተዝካሩ እንደወጣ የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ማሳውን ከመካከሉ ለሁለት ከፈሉትና ዕጣ ጣሉላቸው።

ለታላቁ የራስጌው ወጣለት። ክንድ ሙሉ ቢቆፈር ድንጋይ የማይነካ፣ አባታቸው ዕድሜ ልኩን ፍግ ሲያለብሰው የኖረ ጥቁር አፈር ነው። ለታናሹ የግርጌው ደረሰው። እሱ ጭንጫ ነው። ማረሻ በገባበት ቁጥር ድንጋይ እየመታ ይጮሃል፤ በመሃሉም ጎርፍ የቀደደው ቦረቦር እንደ አሮጌ ጠባሳ ተጋድሞበታል።

ሰዎቹም እንደ ማሳዎቻቸው ነበሩ። ታላቁ ደረቱ የሰፋ፣ በሬ ሲጠምድ መንደሩ ቆሞ የሚያየው፣ ሌላው በሁለት ቀን የሚያርሰውን በአንድ ቀን የሚጨርስ ጉልበተኛ ነው። ታናሹ ቀጭን ነው፤ በልጅነቱ ከወይራ ዛፍ ወድቆ ግራ እግሩን ያነክሳል። ዕጣው በወጣበት ቀን ሰው ሁሉ «አንዱ ተሰጠው፣ አንዱ ተነፈገ» ብሎ በልቡ ፈረደ። የመጀመሪያው መኸርም ፍርዱን አጸናው። ታላቁ ገብሱን የሚያስገባበት ጎተራ ጠበበው። ታናሹ ሁለት አቁማዳ ሞልቶ ሦስተኛውን ባዶውን አጥፎ ወደ ቤቱ ገባ።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ታናሹ ከማሳው ዳር አገጩን በመዳፉ ደግፎ ተቀምጦ ሳለ፣ የአባቱ ባልንጀራ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን እየተከሉ አለፉ።

«እንደምን አመሸህ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ። አመሸሁ ከተባለ።»

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ድንጋይ የሚያበቅል መሬት ነው የደረሰኝ። የአርባ ቀን ዕድሌ ይሆናል፤ ምን አደርገዋለሁ?»

ሽማግሌው መልስ አልሰጡትም። ምርኩዛቸውን ዘርግተው ከትልሙ መሃል ያፈጠጠ አንድ ድንጋይ ነኩ።

«ይሄን ድንጋይ ዘንድሮ ስንት ጊዜ በማረሻህ መታኸው?»

«ኧረ ቁጥርም የለው።»

«ስንት ጊዜስ አነሳኸው?»

ታናሹ ዝም አለ።

«ስማኝ ልጄ» አሉት ሽማግሌው። «ቤትህ ከማሳህ ግርጌ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ ባዶ እጅህን ትገባለህ። ከዛሬ ጀምሮ ባዶ እጅህን አትግባ። አንድ ድንጋይ ይዘህ ውረድና ከማሳህ ጫፍ አኑር። መሠረቱን ቆፍረህ ነው የምታኖረው፤ ትልልቁን ከታች አድርገው፤ ጀርባውንም ወደ ጋራው አስደግፈው። ሁለት አላልኩህም፤ አንድ። ስትበረታም አንድ፣ ሲደክምህም አንድ።»

«አንድ ድንጋይ ምን ያደርጋል አባባ?»

«ለጊዜው ምንም አያደርግ። ለድንጋዩ ብዬ አይደለም፤ እጅህ ባዶውን መግባት እንዲያፍር ብዬ ነው።»

ታናሹ ነገሩ አላሳመነውም። ነገር ግን የአባቱን ባልንጀራ ቃል መጣል ስለከበደው ያንን በምርኩዝ የተነካውን ድንጋይ ፈንቅሎ በትከሻው ይዞ ወረደ። በማግስቱም አንድ። በሦስተኛውም ቀን አንድ። ወሩ ሲያልቅ ከማሳው ጫፍ የተደረደረው ነገር ዶሮ ዘልላ የምታልፈው ነበር። የመንደር ልጆች «ድንጋይ ለቃሚው» የሚል ስም አወጡለት። ታላቅ ወንድሙም ከራስጌ ሆኖ ቁልቁል እያየ «ወንድም ዓለም፣ የፋሲልን ግንብ ልትጨርስልን ነው እንዴ?» ሲለው አብሮ ሳቀና ድንጋዩን አኑሮ ገባ።

ሐምሌ መጣ። አንድ ሌሊት ሰማዩ እንደተቀደደ አቁማዳ ተዘረገፈ። ታናሹ ገሳውን ደርቦ፣ ችቦ ይዞ ወጣ። ጎርፉ ከጋራው እያጓራ ሲወርድ፣ የወንድሙን ማሳ አቋርጦ ወደ እሱ ሲገባ፣ ከካቡ ጋር ሲጋጠም በዓይኑ አየ። ውሃው ለጥቂት ጊዜ ግራ እንደተጋባ ሰው ቆመ፤ ወዲያው ግን በሁለት በኩል ካቡን ጥሶ ድንጋዮቹን ወደ ቦረቦሩ እያንከባለለ ሄደ። ያን ሁሉ ማታ የተሸከማቸው ድንጋዮች በጨለማው ውስጥ ሲጋጩ ተሰሙት።

ገና ሳይነጋ ከሽማግሌው ደጅ ደረሰ።

«አባባ፣ ጎርፉ አፈረሰብኝ።»

«የት ላይ?»

«ሁለት ቦታ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው እንኳ ቆሟል።»

«እንግዲያው ጎርፉ ሥራህን አይቶልሃል ማለት ነው» አሉት ሽማግሌው። «የት ላይ እንደላላህ ማንም እንደሱ አድርጎ አይነግርህም። ዛሬ ማታ ያቺን አንድ ድንጋይህን የሰበረህ ቦታ ላይ አኑራት።»

ተመልሶ ወደ ማሳው ሲወርድ ሌሊቱን ያላየውን አየ። ከቆመው ካብ ጀርባ፣ ውሃው ግራ ተጋብቶ በቆመበት ቦታ፣ መዳፍ የሚያህል ስፋት ያለው ጥቁር ደለል ተኝቷል። ጎንበስ ብሎ ነካው፤ እንደ ዱቄት ይለሰልሳል። አሸተተው፤ የአባቱን ማሳ ይሸታል። ይህ አፈር ትናንት በእሱ መሬት ላይ አልነበረም። በዚያች ቀጭን መስመር ላይ አንድ እፍኝ ባቄላ ተከለ። በዚያ ዓመት ከማሳው ሁሉ ያማረው ያ አንድ እፍኝ ባቄላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ታናሹ ድንጋዩን የሽማግሌ ቃል ለማክበር ብሎ ማኖሩ ቀረ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ገሳውን ደርቦ እየወጣ ውሃው የት እንደሚሰበሰብ፣ የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚሰንፍ ያያል። ማዕበሉ ሲበዛ የሚተነፍስበት ማፍሰሻ ከዳር ተወለት። ከትልልቁ ድንጋይ ጀርባ ጠጠር ጠቀጠቀ። ደለሉ እስከ ካቡ አፍ ሲሞላ ካቡን በአንድ ድንጋይ ከፍ አደረገው፤ ካቡ ከፍ ሲል አፈሩም ተከትሎ ከፍ አለ።

በአራተኛው ዓመት ብርድ መትቶት አንድ ወር ሙሉ ተኛ። ሲነሳ ከማሳው ዳር ቆሞ ያለፉትን ማታዎች ይቆጥር ጀመር። ሚስቱ አየችው።

«ምን እያሰብክ ነው?»

«ሠላሳ ድንጋይ ቀርቶብኛል። በምን ጉልበቴ ነው የምከፍለው?»

«ማን ዕዳ ጠየቀህ?» አለችው። «ያለፈው አለፈ። አንድህን ያዝና እንግባ፤ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው።»

አንዱን ያዘ፤ ገቡ። በማግስቱ ሲወርድ ትንሹ ልጁ ማንም ሳያዘው በሁለት እጁ ጠጠር ታቅፎ ይከተለው ነበር።

አሁን ወደ ራስጌው እንውጣ። ታላቁ ወንድም ሰነፍ አልነበረም። ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል። ነገር ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከማሳው ላይ እንደ እንጀራ የሳሳ አንድ ገጽ ገፎ ይሄዳል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልታየም፤ ጎተራው ሙሉ ነበር። በሁለተኛውም ዓመት ጎተራው ሙሉ ነበር። በሦስተኛው ዓመት እዚህም እዚያም ድንጋይ ብቅ አለ። በአምስተኛው ዓመት ማረሻው መጮህ ጀመረ። ያን ጊዜ ቁልቁል ወደ ወንድሙ ማሳ ተመለከተና ቁጭት ያዘው።

«እሱ በአምስት ዓመት የካበውን እኔ በሁለት ቀን እክበዋለሁ!» አለ።

ቃሉን አላጠፈም። ሙክት አረደ፣ ጠላ አስጠመቀ፣ ደቦ ጠራ። ሠላሳ ጎልማሳ በዘፈንና በፉከራ ወጥቶ በሁለት ቀን ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ደረት የሚደርስ፣ እንደ ገመድ የተወጠረ ካብ አቆመለት። ሴቶች እልል አሉ። ከሩቅ የሚያልፍ ሁሉ ያደነቀው የታላቁን ካብ ነበር። መሠረት ግን አልተቆፈረለትም፤ ጊዜ አልነበረም። ባለቤቱም ካቡን ከዚያ ቀን በኋላ ሁለተኛ በእጁ አልነካውም፤ ሥራው አልቋል ብሎ አምኗል።

ካቡ ሐምሌን ቆመ። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ወይፈን ሊሻገር ሲል ሦስት ድንጋይ ጣለ። ታላቁ በማለዳ ሲያልፍ አያቸው። «ሦስት ድንጋይ ምን አላት? መስከረም ሲጠባ አስተካክላታለሁ» ብሎ አለፈ። ከዚያም አንድ ሌሊት ጎርፍ መጣ። በማሳው ሁሉ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ በካቡ ተሰብስቦ ሦስቱ ድንጋይ በከፈቱት በር በኩል ብቻ ወጣ፤ መሠረት የሌለውን ካብ ከግራና ከቀኝ እየላጠ በሩን አሰፋው። ሲነጋ ከካቡ ግማሹ የለም፤ ማሳውም ከበፊቱ የጠለቀ ቦረቦር ተቀዶበታል።

ታላቁ እጁን አጨበጨበ። «ካብም ሞከርኩ፤ ይሄ መሬት ካብ አይቀበልም። የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» አለ። ታናሹ ከዓመታት በፊት ከማሳው ዳር ጥሎት የሄደውን ቃል ታላቁ አነሳው።

በዘጠነኛው ዓመት መኸር ላይ የግርጌው ማሳ እንደ መዳፍ ተስተካክሎ፣ ቦረቦሩ ሞልቶ፣ ስንዴው ለነፋስ ይሰግድ ነበር። የራስጌው ጭንጫ ሆኗል። ታላቁ አንድ ቀን በወንድሙ ማሳ ሲያቋርጥ እግሩን ያዝ የሚያደርግ ጥቁር አፈር ረገጠ። ቆመ። አንድ እፍኝ አነሳ። አባቱ ፍግ ያለበሰው አፈር ነው። የገዛ አፈሩ ነው። ደሙ ፈላ፤ ቀጥታ ወደ ሽማግሌዎች ሄደ።

በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። የአባታቸው ባልንጀራ አሁን በጣም አርጅተዋል፤ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጥተዋል።

«ወንድሜን ሌባ አልለውም» አለ ታላቁ ቆሞ። «ነገር ግን ያ ጥቁር አፈር የእኔ ነው። በእናንተ እጅ፣ በዕጣ የደረሰኝ ነው። ይመለስልኝ።»

ታናሹ ተነሳ። «እውነቱን ነው» አለ። «አፈሩ ከእሱ ማሳ ነው የወረደው። እኔ አንድ እፍኝ አፈር ከየትም አላመጣሁም። ድንጋይ ብቻ ነው ያኖርኩት።»

ሸንጎው አጉረመረመ። አዛውንቱ እጃቸውን አነሱና ዝም አሰኙ።

«አፈርህን ወንድምህ በአካፋ ዝቆ ወሰደብህ?»

«የለም አባቴ፤ ጎርፍ ነው የወሰደው።»

«ጎርፉ በማን ማሳ አለፈ?»

«በሁለታችንም።»

«በአንተ ማሳ ሲያልፍ ምን አገኘ?»

ታላቁ አቀረቀረ። ቆይቶ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ራሱ መለሰ። «የሚይዘው አላገኘም።»

አዛውንቱ ወደ ታናሹ ዞሩ። «ካብህ ስንት ድንጋይ ይሆናል?»

«አልቆጠርኩትም አባባ።»

«እኔ ልቁጠርልህ» አሉና ከሥራቸው ጠጠር እያነሱ ያኖሩ ጀመር። ሰንበቱን አወጡ፣ የበዓላቱን ቀን አወጡ፣ የታመመበትን አወጡ፤ በዓመት ሁለት መቶ ማታ ቀራቸው። ሁለት መቶ ማታ፣ ዘጠኝ ዓመት፤ ሺህ ስምንት መቶ ድንጋይ። «መቶ ክንድ የሚሆን፣ እስከ ወገብ የሚደርስ ካብ ይህችው ናት» አሉ። ከዚያም ታላቁን አዩት። «ሠላሳ ሰው በሁለት ቀን ስንት አኖረልህ?»

«ከዚያ ይበልጣል አባቴ።»

«ይበልጣል። እንግዲህ ድንጋይ አላነሰህም፤ ጉልበትም ሰውም አላነሰህም። ሦስቱ ድንጋይ በወደቁበት ማለዳ ነው ያነሰህ።»

ሸንጎው ጸጥ አለ። አዛውንቱ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«አፈሩ ከአንተ መጣ፤ ከዚያ በፊትም ከጋራው መጣ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የፈጣሪ ነው። ወደ ላይ የሚፈስ ጎርፍ ስለሌለ የሄደው አይመለስልህም። አፈሩ የያዘው ሰው ነው። ነገር ግን አታልቅስ ልጄ፤ የአንተ ማሳ ከጋራው በታች ነው። ገና የሚወርደው አፈር ከራስህ በላይ ተቀምጦ ይጠብቅሃል።»

በማግስቱ ማታ፣ ታላቁ ከደጁ ተቀምጦ ሳለ፣ ወንድሙ እያነከሰ ዳገቱን ሲወጣ አየው። በትከሻው ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። ታናሹ ከራስጌው ማሳ ጫፍ ሲደርስ ድንጋዩን አውርዶ በመቆፈሪያ መሬቱን ከፈተ፤ ድንጋዩንም ጀርባውን ወደ ጋራው አስደግፎ አኖረው።

«ወንድም ዓለም፣ ይሄ የመጀመሪያው ነው» አለው። «ነገ ሁለተኛውን አንተ ታኖረዋለህ። ነገ ግን አንድ ብቻ።»

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። ሰሙ አፈርና ድንጋይ ነው፤ ወርቁ እኛ ነን።

አፈሩ ችሎታ ነው። ጎርፉ በየዕለቱ በላያችን የሚያልፈው ሕይወት ነው፤ የሰማነው ምክር፣ የሠራነው ስህተት፣ ያነበብነው ገጽ፣ የተቀበልነው ተግሣጽ ሁሉ በውስጡ አለ። ካቡ ልማድ ነው። ብዙ ሰው ችሎታውን ከየት ሊያመጣ እንደሚችል ሲጨነቅ ይኖራል። ታናሹ ወንድም ግን አንድ እፍኝ አፈር አላመጣም። በየቀኑ ከሚያልፈው ላይ የሚይዝበትን ብቻ ሠራ። የፈተና ወረቀቱ ሲመለስለት የሳተውን ጥያቄ በዚያው ማታ ደግሞ የሚሠራ ተማሪ፣ ደንበኛ የመለሰችውን ቀሚስ የት ላይ እንደተሳሳተ ፈትቶ የሚያይ ልብስ ሰፊ፣ በባዕድ አገር ከሥራ ሲወጣ የሰማውን አንድ አዲስ ቃል ጽፎ የሚተኛ ስደተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ካብ ካቢዎች ናቸው። አጠገባቸው ያለው ሰውም ያንኑ ፈተና ወድቋል፣ ያው ቀሚስ ተመልሶበታል፣ ያንኑ ቃል ሰምቷል። ለአንዱ አፈር ሆኖ ቀረ፤ ከሌላው ላይ አፈር ይዞ ሄደ።

ሁለተኛው ነገር ደቦው ነው። በየመስከረሙ ብዙዎቻችን ደቦ እንጠራለን። ዘንድሮ በየሌሊቱ ተነስቼ አነባለሁ፣ ዘንድሮ እሮጣለሁ፣ ዘንድሮ ሱስ እተዋለሁ እንላለን፤ ለሁለት ሳምንት ደረት የሚደርስ ካብ እናቆማለን። ካቡ ሐሰት አይደለም፤ የጎደለው መሠረትና የማግስቱ እጅ ነው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናታቸው 96 ፈቃደኞች በየቀኑ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላትን፣ እንዲለምዱ አድርገው ለ12 ሳምንታት ተከታተሏቸው። ድርጊቱ ያለ ትግል ራሱን የሚሠራበት ደረጃ ለመድረስ መካከለኛው ሰው 66 ቀን ፈጀበት፤ እንደየሰዉ ግን ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ገመቱ። ልብ የሚያሳርፈው ግኝት ሌላ ነው። አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ግንባታ እምብዛም አልጎዳውም። የታናሹ ሚስት «ማን ዕዳ ጠየቀህ? አንድህን ያዝ» ያለችው ይህንኑ ነው። ልማድን የሚገድለው የዘለልነው ቀን ሳይሆን «አንዴ ተበላሽቷል» ብለን የምንተወው ማግስት ነው።

ሦስተኛው አስተሳሰብ ነው። ሁለቱም ወንድማማቾች ካባቸው ፈርሶባቸዋል። አንደኛው «መሬቱ አይቀበልም» አለ፤ ሌላኛው «የት ላይ?» ተብሎ ተጠየቀና ሄዶ አየ። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የሚለው ቃል ትሕትና ይመስላል፤ ሥራው ግን የፈረሰውን ቦታ እንዳናይ ዓይናችንን መሸፈን ነው። «የት ላይ?» የሚለው ጥያቄ ለነገ ማታ የሚሆን አንድ ድንጋይ ይሰጠናል። ደግሞም ልብ እንበል፤ ታናሹ ያማረረበት ድንጋይና ካቡን የሠራበት ድንጋይ አንድ ነው።

ይህ ተረት ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ ደቡብ ወርዶ ኮንሶን ይይ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ያ ደረቅ ኮረብታ ከ400 ዓመት በላይ፣ በ21 ትውልድ እጅ፣ ድንጋይ በድንጋይ የተካበ ነው። ካቡ በአንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ወደ ሰሜን ለሚሄድም የትግራይዋ አብርሃ ወአጽብሃ አለች። ድርቅ ያራቆታትን መሬት ነዋሪዎቿ በእርከንና በክትር አክመው የጉድጓዶቻቸውን ውሃ መልሰዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012ም የኢኳተር ሽልማትን አግኝተዋል። ድንጋዩንም ጎርፉንም ከሌላ አገር አላመጡም።

አንድ ነገር ግን ሳይባል እንዳይቀር። ሁሉም ሰው እኩል ዕጣ አልወጣለትም። የሰው ብርታት የማይመክተው ጎርፍም አለ፤ ጦርነት፣ ረሃብና ሕመም ካቡን ከነቤቱ ጠርገው ይሄዳሉ። ይህ ምሳሌ የወደቀውን ሁሉ ሰነፍ ብሎ ለመስደብ አልተነገረም። ታናሹም ቢሆን ብቻውን አልቆመም፤ በምርኩዝ ድንጋይ የሚያሳይ ሽማግሌ፣ ዕዳ የሚሰርዝ ሚስት፣ ጠጠር የሚታቀፍ ልጅ ነበረው። ስለዚህ አፈር የያዘ ሰው አንድ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት የመውጣት ዕዳ አለበት። የላይኛው ማሳ ካብ ሲኖረው የታችኛውም ጎርፍ ይቀንሳል።

አንባቢ ሆይ፣ የሄደው አፈር ሄዷል፤ ለእሱ ሸንጎ አይቀመጡ። የነገው ዝናብ ገና ከጋራው በላይ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤትዎ ሲገቡ ባዶ እጅዎን አይግቡ። አንድ ድንጋይ ብቻ ይያዙ፤ ነገም አንድ።